እዳና ኪሳራ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ እገሌ ከሰረ ከተባለ በሬው ተሸጧል ወይ ሱቁ ተዘግቷል ማለት ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ትዝ የሚለው ሰው የለም። በህጉ ግን ኪሳራ የነጋዴ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የንግድ ህግም ሆነ የኪሳራ ክፍሉን የተካው የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1243 ስለ ኪሳራ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ነጋዴና ስለ ንግድ ማህበር ነው፣ ስለዚህ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ፍርድ ቤት ሄዶ እዳዬ ከአቅሜ በላይ ሆነ ማለት ይችላል፣ አዲሱ ህግ እንደውም ጨርሶ ሳይወድቅ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ስራውን እንደገና እንዲያደራጅ በር ከፍቶለታል፤ የደምበጫ ገበሬ፣ የሞጣ አስተማሪ፣ የፍኖተ ሰላም ነርስ ግን እዚህ ውስጥ የሉበትም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ደሞዝተኛም ቢሆን በነሱ ህግ ምዕራፍ 7 ወይ 13 ገብቶ አብዛኛውን እዳ ሊያራግፍ ይችላል። እኛ ጋ እዳ እስኪከፈል ወይ አበዳሪው እስኪምር ወይ የ10 አመቱ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ እስኪያልፍ ከሰውየው ጋር ያድራል። ይሄ ክፍተት መሞላት ያለበት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እዳ ቤት የሚያፈርሰው በብዛት እነዚህ ህጉ የማያያቸው ሰዎች ላይ ነው።

ድሮማ የባሰ ነበር፣ ባለእዳና ባለገንዘብ አንድ ላይ ተቆራኝተው ይውሉ ነበር፣ ቁራኛ የሚባለው እሱ ነው፤ "የእዳ ቁራኛ ሆነ" የምንለውም ከዚያ የቀረ ነው።

ገጠር ውስጥ የእዳ መነሻ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ ነው፣ ክረምት መግቢያ ላይ ዳፕና ዩሪያ ካልተገዛ በቆሎው አይያዝም፣ ከዚያ ህመም አለ፣ ተዝካር አለ፣ የጥርና የሚያዝያ ሰርግ አለ። ድሮ አብቁተ የምንለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው፣ መያዣ የሌለውን ገበሬ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል፣ አንዱ ካልከፈለ የቡድኑ አባላት ይከፍሉለታል። መክፈያው ከመከር በኋላ ስለሚደርስ ሁሉም ጤፉንና በቆሎውን አንድ ሰሞን ገበያ ያወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ያው ገበሬ ነሐሴ ላይ እህል ሲያልቅበት በውድ ይገዛል፣ ለመግዣውም ይበደራል። እኔ ባየሁት ሰው የሚወድቀው በመጀመሪያው ብድር ሳይሆን ያንን ለመክፈል በወሰደው በሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ብድር ብዙ ጊዜ አራጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ህጉ ወለድ በአመት ከ12 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል፣ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል፣ ግን አራጣ አበዳሪው ወለዱን ወረቀት ላይ አይጽፈውም፣ 10 ሺ ብር ሰጥቶ 15 ሺ ተበደርኩ ብለህ ፈርም ይልሃል፣ አንዴ ከፈረምክ ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወለድ አገድም አለ፣ ብሩ እስኪመለስ መሬትህን አበዳሪው ያርሰዋል፣ ወለዱ ምርቱ ነው። ነጋዴው ጋ ደግሞ ወደፊት የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክ ለመተማመኛ ይሰጣል፣ እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ነው፣ ደረቅ ቼክ፣ ባንክ ውስጥ በቂ ብር የሌለው ቼክ፣ ወንጀል ስለሆነ ተራ እዳ የነበረው ነገር እስር ቤት ያስገባል። ከተሜው አሁን መላና እንደኪሴ ከሚባሉት የቴሌብር የስልክ ብድሮች ይበደራል፣ ብሩ ትንሽ ነው ግን ደሞዝ ሳይደርስ ደሞዝ መብላት ያስለምዳል።

ዋስትና ለብቻው መታየት አለበት፣ "እዳ ከሜዳ" የሚባለው እሱ ነውና። እኔ ራሴ ለስራ ባልደረባዬ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ሲበደር ፈርሜለት፣ ሰውየው ስራ ለቆ ሄደ፣ ከኔ ደሞዝ 14 ወር ተቆረጠ፣ ልጆቼ ያንን አመት አዲስ ጫማ አላደረጉም። በኋላ ነው የገባኝ፣ ህጉ የዋስትና ወረቀት ላይ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። የኔው ላይ ተጽፎ ነበር፣ ሳላነበው ነው የፈረምኩት። "የአንድነትና የነጠላ" የሚል ቃል ካለበት ደሞ አበዳሪው ዋናውን ባለእዳ ሳይነካ ቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል።

ሰው የማያውቀው ግን ሊያውቀው የሚገባ መከላከያ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ስነ ስርአት ህግ አንቀጽ 404 ነው። አበዳሪ ፍርድ ቢያገኝ እንኳ የባለእዳውን የስራ መሳሪያ፣ ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር፣ የቤተሰቡን የ3 ወር ቀለብ መያዝ አይቻልም፣ ከደሞዝም የሚነካው አንድ ሶስተኛው ነው። ባንክ በመያዣ ካበደረ ግን ሌላ ነው፣ በ1990ው አዋጅ ቁጥር 97 መሰረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን ለሀራጅ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ባንኩ ጋ ቀርቦ የመክፈያ ጊዜ አስረዝሙልኝ ማለት ይሻላል።

ከህጉ ይልቅ ጎጃሜን የሚያወጣው ግን ባህር ዛፉና ሽማግሌው ነው። አገው ምድር ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ፣ ሌላው ጋ ባህር ዛፍ፣ በቁሙ ለነጋዴ ተሸጦ እዳ ይዘጋል። ደምበጫ አጠገብ አንድ እርቅ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባለገንዘቡ ተቆጥቷል፣ ባለእዳው አንገቱን ደፍቷል፣ ሶስቱ ሽማግሌዎች ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰአት ወለዱን ብቻ ተከራከሩ። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ "አያ፣ ወለዱን ለማርያም ብለህ ተውለት፣ ዋናውን በሁለት መከር ያግባልህ" አሉት። ዝም ብሎ ቆየና "እሺ፣ ስለናንተ ስል" አለ። አዲስ ውል በሶስት ምስክር ተጻፈ። ባለእዳው ሊነሳ ሲል ሽማግሌው ቁጭ በል አሉትና አሮጌውን ወረቀት ከባለገንዘቡ ተቀብለው ሁሉም እያየ ቀደዱት፣ ቅዳጁንም ለባለእዳው ሰጡት፣ እሱም ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጥሮት ሄደ።