የኤድንብራው ወርቅ ሠሪ ውርስ፦ የሚወራውና የሆነው

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ የሄደ ሰው፣ ከቤተ መንግሥቱ አምባ በስተደቡብ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ግንብ ግንብ ያለው ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ ያያል። «ወርቅ ሠሪው ጆርጅ ሄሪየት ነው ያሠራው» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ የሚከተለው ወሬ ግን ብዙው ውልግድ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሆስፒታል ነበር»

ስሙ ነው የሚያሳስተው። በድሮ ሰነዶች «የሄሪየት ሆስፒታል» ይባላል። በዚያ ዘመን ግን ሆስፒታል ማለት ችግረኛ የሚጠለልበት ቤት ነው፤ ካርድ ክፍልም መርፌም የለበትም። ሄሪየት የተናዘዘው አባት የሞተባቸው የከተማው ልጆች እየበሉ፣ እየለበሱ የሚማሩበት ቤት እንዲሠራ ነው።

የሚያስቀው ነገር ሕንፃው መጀመሪያ ያስተናገደው በእርግጥም በሽተኛ መሆኑ ነው። ገና ሳያልቅ፣ በ1650 የእንግሊዙ የጦር አለቃ የክሮምዌል ጦር ከተማዋን ሲይዝ ቁስለኞቹን እዚያ አስተኛ። ልጆቹ የገቡት በ1659 ነው። እነሱም 30 ብቻ ነበሩ።

«በመዶሻው ነው የከበረው»

የወርቅ ሠሪ ልጅ ነው፤ ሙያውን ከቤቱ ነው ያገኘው። ሱቁም ከቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን ጥግ የተለጠፈች፣ ሰው ሁለት እርምጃ የማይራመድባት ጠባብ ነበረች። እዚያ ቁጭ ብሎ ቀለበት በመቀጥቀጥ ብቻ ያን ያህል ሀብት አይገኝም።

ነገሩ የተለወጠው በ1597 የስኮትላንድ ንግሥት የአን ወርቅ ሠሪ ሲሆን ነው። ንግሥቲቱ ጌጥ ነፍሷ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ግን የላትም። ስለዚህ በዱቤ ትገዛለች። ገንዘብ ሲቸግራት ደግሞ ጌጡን ለዚያው ለሄሪየት መያዣ ሰጥታ ትበደራለች። እሱም ወለዱን ይቆጥራል። አንዱን ሐብል ሁለቴ በላበት ማለት ነው! በ1603 ባሏ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዘውድ ወርሶ ለንደን ሲገባ፣ ሄሪየትም ደንበኞቹን ተከትሎ ሄደ። የስኮትላንድ ባንክ የተቋቋመው በ1695 ነው። ከዚያ በፊት ባንኩ እንደ እሱ ያለው ሰው ነበር።

«የንጉሡን ዕዳ እሳት ውስጥ ጣለለት»

ንጉሡ ጥሩ መዓዛ ባለው ውድ እንጨት እሳት ሲያነድ፣ ሄሪየት «የእኔ እሳት ከዚህ ይወደዳል» ብሎ የ2,000 ፓውንድ የዕዳ ወረቀት አቃጠለ ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። በመያዣ የሚያበድር ሰው ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያቃጥል አይታየኝም።

«ዘር ስላልነበረው ለከተማው ሰጠ»

ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ ከትዳሩ የተወለደ ልጅ አልተረፈለትም። ከትዳር ውጭ የወለዳቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ግን ነበሩት፤ በኑዛዜው አልረሳቸውም። ለዘመድ የሚሰጠው ተሰጥቶ የቀረው፣ 23,625 ፓውንድ ገደማ፣ ለትምህርት ቤቱ ሆነ።

«ገንዘቡ ያኔውኑ አለቀ»

አደራ ተቀባዮቹ ብልጦች ነበሩ። በከተማዋ ዙሪያ መሬት ገዙበት። ከተማዋ ወደ ሰሜን ስትሰፋ ቤት ሠሪው ሁሉ ለእነሱ ዓመታዊ የመሬት ክፍያ ይከፍል ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትርፉ በየሰፈሩ ነፃ ትምህርት ቤቶች እስከ መክፈት ደርሷል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በክፍያ ነው፤ ወላጅ ለሞተባቸው የሚሆን ነፃ ቦታ ግን አሁንም አለው።

«ዩኒቨርሲቲውንም እሱ መሠረተ»

ሄሪየት-ዋት የሚባለውን ዩኒቨርሲቲ ማለታቸው ነው። ተቋሙ በ1821 ለሠራተኞች የተከፈተ የማታ ትምህርት ቤት ነበር። የሄሪየት ስም የተጨመረው የአደራው ገንዘብ በ1885 ሲደርስለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ደግሞ በ1966።

«መቃብሩ ግቢው ውስጥ ነው»

ግቢው ውስጥ ያለው ሐውልቱ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ በአበባ ያስጌጡታል። ሰውየው ግን የሞተውም የተቀበረውም ለንደን ነው፣ በ1624። የሕንፃው ሥራ የተጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።