የቧንቧ ግፊት ፍተሻ ምንድን ነው?

በአየር ማረፊያ ውስጥ ስለሚዘረጋ ዋና የውሃ መስመር ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ አባባል ይከተላል፦ መስመሩ የግፊት ፍተሻውን አልፏል፣ ስለዚህ ጥራቱ ተረጋግጧል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ከዚህም አልፎ የአፈር ጠቀጠቃ ምርመራና የብየዳ መዝገብ የወረቀት ጋጋታ ናቸው ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ይህን በዝምታ ማለፍ አልችልም።

የግፊት ፍተሻ ማለት መስመሩን በውሃ ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ግፊቱን አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ማድረስና ለ2 ሰዓት ያህል መከታተል ነው። በ10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚሠራ መስመር በ15 ባር ይፈተናል። የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ፣ በዚህ ግፊት፣ ውሃ ያፈስሳል ወይስ አያፈስስም?

ነገሩ የሰውን የደም ግፊት እንደ መለካት ነው። ሐኪም ታካሚውን ጥቂት አሳርፎ ይለካል፤ ውስጡ በሲሚንቶ የተለበጠ ቧንቧም ልባጩ ውሃ ጠጥቶ እስኪረካ አንድ ቀን ያህል ሞልቶ ይቆያል፤ አለዚያ የተጠጣው ውሃ እንደ ፍሳሽ ይቆጠራል። ክንድ ከልብ ትይዩ እንደሚደረግ ሁሉ የመለኪያውም ከፍታ መታወቅ አለበት፤ 10 ሜትር ልዩነት ንባቡን በ1 ባር ገደማ ይለውጣል። ፖሊኢትሊን የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ታካሚ ነው። ግድግዳው በግፊት ቀስ እያለ ስለሚለጠጥ ምንም ሳያፈስ ንባቡ ይወርዳል፤ ለብረት ቧንቧ የወጣውን ገደብ ለእርሱ መጠቀም ስህተት ነው። በውሃ ፋንታ በታመቀ አየር የሚፈትን ካለም ያቁም፤ ቧንቧው ቢፈነዳ ሰው ይገድላል።

ልኬቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ግን የታካሚው አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የውሃ መስመር አጥንቱ መደላድሉና ዙሪያውን ያቀፈው ሙሌት ነው።

ሥራ በሚበዛበት አየር ማረፊያ ቁፋሮ የሚፈቀደው በረራ በሚቀንስባቸው ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ነው። ቦዩ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ተሞልቶና ተጠቅጥቆ፣ ብጥስጣሽ ብረትና ጠጠር ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ተጠርጎ፣ መንገዱ ከንጋት በፊት ለአውሮፕላን ይመለሳል። በሌላ ቦታ መጋጠሚያዎቹን ሳይሸፍኑ መፈተሽ ይቻላል። እዚህ ግን ፍተሻው የሚመጣው ሁሉም ከተቀበረ ከብዙ ሌሊቶች በኋላ ነው። ሰዓት ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ሙሌቱ ነው፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ መውጣት የሚገባው አፈር በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ከላይ ብቻ ይመታል። የግፊት መለኪያው ይህን አያየውም። ሲነሣ 350 ቶን ገደማ ሊመዝን የሚችል ቦይንግ 777-300ኢአር በላዩ ሲመላለስ ግን አፈሩ ይሰምጣል፣ አስፋልቱ ይጎደጉዳል፣ መጋጠሚያው ይጣመማል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ንብርብር ጥግግት በዚያው ሌሊት ይለካል።

መስመሩን ከጀርም የሚያጸዳው ክሎሪንም ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ የተለመደ አሠራር 25 ሚሊ ግራም በሊትር ይጨምራል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ቢያንስ 10 መቅረት አለበት፤ ከዚያም መስመሩ ታጥቦ ናሙናው በቤተ ሙከራ ይመረመራል። 15 ባር የቻለ ቧንቧ ውስጡ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን በደንብ ሳይግል የተበየደ ፖሊኢትሊን ነው። ጫፎቹ ተጣብቀው ይታያሉ፣ የፍተሻውን ግፊት ይችላሉ፣ ዓመታት ቆይተው ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ ያለን ማስረጃ የእያንዳንዱ ብየዳ ሙቀት፣ ግፊትና የመቀዝቀዣ ጊዜ የተመዘገበበት ሰነድ ነው፤ ያ አስተያየት ሰጪ ጋጋታ ያለው ማለት ነው። በብረት ቧንቧም ጫፉ እስከ ምልክቱ መግባቱንና መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጎማ ከቦታው አለመንሸራተቱን ማየት የሚቻለው ቦዩ ክፍት ሳለ ነው። የአንድ ሌሊት መዝገብ ከጎደለ፣ መስመሩ ፍተሻውን አልፏል ተብሎ አይታለፍም፤ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ያንን ክፍል በሌላ ሌሊት አስቆፍሮ ማየት አለበት።