ከደጅ በተለቀመ ቅጠልና ፍሬ ቤት ማስጌጥ

ኦተም የሚባለው ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት በሰሜኑ የአለም ክፍል ከመስከረም እስከ ህዳር፣ በደቡቡ ደሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አካባቢ ነው፣ በዚህ ጊዜ ከመሬት የተለቀመ ቅጠል፣ የጥድ ፍሬ፣ የደረቀ ሳር፣ ሐረግና ቅል ሰብስቦ የቤት ጌጥ መስራት የብዙ ሰው የእጅ ስራ ነው። ሩስቲክ የሚባለው ስታይል ይሄ ነው፦ ቀለም አይቀባም፣ ጠማማው እንጨት አይቃናም፣ ማሰሪያው ሲባጎ ወይ የጆንያ ቁራጭ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሰራው ነገር በሁለት ሳምንት ሻግቶ ወይ ተሰባብሮ የሚጥለው ዲዛይኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ውሀውን ስላልተቆጣጠረው ነው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ስራው በሙሉ ውሀ ከተክሉ እንዴት እንደሚወጣ የማወቅ ስራ ነው።

ከቅጠል እንጀምር። ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በክሎሮፊል ነው፣ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ ክሎሮፊሉን መተካት ያቆማል፣ ያኔ ድሮም እዛው የነበረው ቢጫና ብርቱካናማ ይወጣል፣ ቀዩ ግን አንቶሲያኒን ይባላል አብዛኛው በዛው ሰሞን አዲስ የሚሰራ ነው። በተመሳሳይ ሰአት የቅጠሉ እግር ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚዘጋ ሽፋን ይፈጠርና የውሀው መንገድ ይቆረጣል። ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ቅጠልን ለስላሳ አድርጎ ለማቆየት ምርጡ መንገድ ግሊሰሪን ነው፣ ግሊሰሪን ደሞ ቅርንጫፉ ራሱ መጥጦ ካላስገባው አይሰራም። ስለዚህ ቅርንጫፉ የሚቆረጠው ቅጠሉ ቀለም ከመቀየሩ በፊት ነው፣ ከቀላ በኋላ ብትነክሩት መንገዱ ስለተዘጋ አይጠጣም። አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ሙቅ ውሀ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ተሰንጥቆ 10 ሳንቲሜትር ያህል ውስጡ ይቆማል፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ይጠብቃል፣ ቅጠሉ ወደ ቡናማነት ይሄዳል ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ባህር ዛፍ በዚህ መንገድ በጣም ያምራል።

የወደቀ ባለቀለም ቅጠል ከሆነ የተገኘው በጋዜጣ መሀል አድርጎ ከባድ መፅሀፍ መጫን ነው፣ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ጋዜጣው እርጥበት ስለሚጠጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀየራል። ከዛ የንብ ሰም በሙቅ ውሀ ላይ በተቀመጠ እቃ ይቀልጥና (62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል) ቅጠሉ ለሰከንድ ገባ ብሎ ይወጣል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ ማቅለጥ ግን አይሞከርም፣ ይቀጣጠላል።

የጥድ ፍሬ ለኔ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ቅርፊቶቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ንብርብር አላቸው፣ አንደኛው በእርጥበት ከሌላው የበለጠ ያብጣል፣ ስለዚህ ሲረጥብ ይዘጋል ሲደርቅ ይከፈታል፣ ባለክንፉ ዘር በደረቅ ቀን በንፋስ እንዲሄድ ነው፣ ፍሬው ከዛፉ ወርዶ እንኳን ይሄን ማድረጉን አያቆምም። ለዛ ነው ታጥቦ የተዘጋ ፍሬ ተበላሸ ተብሎ መጣል የሌለበት። ኦቨን ውስጥ 95 ዲግሪ አካባቢ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰአት ይቆያል፣ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ነፍሳት ይሞታል፣ ሙጫው ቀልጦ ያብረቀርቃል፣ ሰው ግን ከአጠገቡ መራቅ የለበትም። ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬም (ላዩ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር ያለው) እንደዛው ነው፣ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው ካያችሁ ትል በልቶት የወጣ ነው ተዉት፣ ደህናውም ውስጡ ትል ሊኖር ስለሚችል 80 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰአት ገደማ ይደርቃል፣ ቆቡ ይወልቃል በሙጫ መልሶ ማጣበቅ ነው።

ለጉንጉን (በር ወይ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ክብ ጌጥ) ግን ተቃራኒው ነው፣ እርጥበት ይፈለጋል። የወይን ሐረግ ወይ የአኻያ ቀንበጥ ትኩስ ሆኖ ወይ ውሀ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው የሚጠመዘዘው፣ ክብ ሆኖ እርስበርሱ ተጠላልፎ ከደረቀ ያለሽቦ ቅርፁን ይይዛል። በላዩ የስንዴ ዛላ፣ የበቆሎ ልጣጭ፣ ቀይ የቀጋ ፍሬ ምናምን ይሰካል። ፊላ የምትጠቀሙ ከሆነ ቡናማው ራስ ገና ጠንካራ እያለ ቶሎ ይቆረጥና የፀጉር ስፕሬይ ይነፋበት፣ አንዱ ራስ ከ100,000 በላይ ዘር ሊይዝ ይችላል፣ ከበሰለ በኋላ ቤት ውስጥ ከፈነዳ ጥጡ በየስንጥቁ ይገባል።

ቅል ትእግስት ነው የሚፈልገው፣ እግሩ ከደረቀ በኋላ ከነእግሩ ተቆርጦ አየር ባለበት ወራት ይፈጃል፣ እስከ 6 ወርም ይሄዳል፣ ላዩ ላይ ሻጋታ ቢታይ ይጠረጋል እንጂ አይጣልም፣ ከለሰለሰ ግን በቃ በስብሷል። ሲወዘወዝ ዘሩ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። ዱባ እንደዚህ አይደርቅም፣ ቆዳው ያልተላጠ ከሆነ የተወሰኑ ወራት ይቆያል፣ ያ ነው።

አበባና ሳር ተገልብጦ ጨለማና አየር ያለበት ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሰቀላል። ጨለማው ለቀለሙ ነው፣ ብርሀን ቀለሙን ያፈርሰዋል፣ ያለቀለት ስራም ፀሀይ የሚመታው መስኮት ላይ ከተሰቀለ ቶሎ ይገረጣል።

አለቃቀም ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። የወደቀውን ማንሳት ይቀድማል፣ መሬቱ የሰው ከሆነ ይጠየቃል፣ ጥብቅ ስፍራ ከሆነ ደሞ ጭራሽ አይነካም። የድንጋይ ሽበት ብዙው አይነት በአመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ እጅ ያህሉን ልጦ ለጌጥ መውሰድ የብዙ አመት እድገት መውሰድ ስለሆነ ንፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ብቻ ውሰዱ። የማታውቁት ቀይ ፍሬ ህፃን ወይ ድመት ባለበት ቤት አይግባ፣ መርዛማው ብዙ ነው።

ሁሉም ነገር ደርቆ ስላለቀ እሳት ይወዳል፣ ጉንጉን መሀል እውነተኛ ሻማ አይቀመጥም፣ የባትሪው ይሻላል። ወቅቱ ሲያልፍ የጉንጉኑ ክብ ለሚቀጥለው ይቀመጣል፣ ያልተቀባና ሙጫ ያልነካው ደሞ ኮምፖስት ውስጥ ይገባል፣ ፍሬ ያለው መጤ ሐረግ (ከሌላ አገር መጥቶ የሚስፋፋው) ግን ከቆሻሻ ጋር ታስሮ ነው የሚወጣው፣ ውጪ ከተጣለ ወፍ ዘሩን በልታ ሌላ ቦታ ትዘራዋለች።