«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ሰሞኑን ጤፍ ልገዛ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ሄጄ ነበር። አንድ ገበሬ አባት ከደላላ ጋር ይከራከራሉ። ደላላው ከሚሰጣቸው ዋጋ የማዳበሪያው ወጪ ሲነሣ ብዙም አይተርፋቸውም። «አባባ፣ ታዲያ ለምን አቤት አይሉም?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉኝ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሰማይን በሞፈር ማረስ እንደማይቻል ሁሉ ንጉሥንም ዳኛ ፊት ማቆም አይቻልም። አቤት ቢሉበት ሰሚ ለማይገኝ በደል ይነገራል። ለማይቻል ነገር ምሳሌ ሲፈለግ የተገኘው ማረስ መሆኑን ልብ በሉ። ተረቱ ከገበሬ አፍ የወጣ ነው የምለው ለዚህ ነው። «አይከሰስ» የሚለው ቃልም ሁለት መልክ አለው፤ «አይከሰስም» ማለትም ይሆናል፣ «እንዳይከሰስ» የሚል ትእዛዝም ይሆናል።

ሙግት የሚወድ፣ በ«በላ ልበልሃ» የሚሟገት፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሕዝብ ነው እንዲህ ያለው። ንጉሡ ጋ ሲደርስ ግን ሙግቱ ያበቃል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህንኑ በአንቀጽ አሰፈረው፦ ንጉሠ ነገሥቱን ማንም መክሰስ አይችልም። ያኔ ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ ባስ ሲልም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር።

በ1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አራት ኪሎ ፓርላማው ድረስ ሄዱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው የምለው። ግን ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ። ገበሬው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን እንዲያስረክብ ተገደደ።

ዛሬ ንጉሥም ኮታም የለም። ማዳበሪያው ግን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ተወደደ። ማሳው ላይ የዋለ ሰው ስለዚያ ውሳኔ ማን ጠየቀው? ሲገዛም ዋጋ የሚቆርጥበት ሌላ፣ ሲሸጥም ዋጋ የሚቆርጥለት ሌላ። ማንን ይክሰስ?

አባባ በመጨረሻ ደላላው ባለው ዋጋ ሸጡ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ከዚያ ከግማሽ በላዩን ለይተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩና «ይሄ የማዳበሪያ ነው» አሉ።