ሳም ሻክተርና አሸዋው፦ የሚባለውና እውነታው

የ2024ቱን የፓሪስ ኦሊምፒክ ከጓደኞቼ ጋር ነበር ያየሁት። ኤፍል ታወር አጠገብ በተሠራው ስታዲየም የቢች ቮሊቦል (አሸዋ ላይ ሁለት ለሁለት የሚደረግ የመረብ ኳስ) ውድድር እየተካሄደ ነው። የካናዳው ሳም ሻክተር ስም ሲጠራ «ይሄ ልጅ እኮ አይሁዳዊ ነው» አልኩ። በቃ፣ ጨዋታውን ማየት ቀረና ክርክር ተጀመረ። «ታዲያ ለምን ለእስራኤል አይጫወትም?» አለ አንዱ። «ካናዳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቢች ያላት?» አለ ሌላው። ሦስተኛው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ለመሆኑ ይሄ ሥራ ነው?» ብሎ ጨረሰው።

ያን ምሽት በደንብ አልመለስኩላቸውም። የሻክተርን ጉዞ ግን ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። አሁን አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አይሁዳዊ ከሆነ እስራኤላዊ ነው»

አይደለም። ሻክተር በ1990 የተወለደ የኦንታሪዮ ልጅ ነው፤ ቤቱ ቶሮንቶ አካባቢ ነው። በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ከጆሽ ቢንስቶክ ጋር ተጣምሮ ለካናዳ ተጫወተ። ቢንስቶክም አይሁዳዊ ነው። ሁለቱም አይሁዳውያን ናቸው፣ የሁለቱም አገር ካናዳ ነች።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ጎንደር ውስጥ ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን የዛሬዋ እስራኤል በ1948 ከመመሥረቷ በፊትም አይሁድ ነበሩ። አይሁድነታቸውን ያገኙት ከፓስፖርት አይደለም። ማሩ ተፈሪንም አስቡት። ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እስራኤል ኖሮ፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ለእስራኤል የብር ሜዳሊያ አመጣ። ለእስራኤል የሮጠው ዜጋዋ ስለሆነ ነው። ሻክተርም ለካናዳ የተጫወተው በዚያው ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው የማካቢያ ጨዋታዎችን ስለሚሰማ ይመስለኛል። ከ1932 ጀምሮ የሚካሄድ፣ የዓለም አይሁድ ስፖርተኞች በዛሬዋ እስራኤል ምድር የሚገናኙበት ትልቅ ውድድር ነው። ግን እዚያም ቢሆን የካናዳው በካናዳ፣ የአርጀንቲናው በአርጀንቲና ስም ነው የሚሰለፈው።

«ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ስፖርተኛ መሆን አይችልም»

የቢች ቮሊቦል ውድድሮች ወሳኝ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ላይ ስለሚውሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰንበትን አጥብቆ የሚይዝ አይሁዳዊ በእርግጥ ይቸገራል። ሁሉም አይሁዳዊ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሰንበትን ሙሉ ያከብራል፣ አንዱ ትልልቆቹን በዓላት ብቻ። የቤዝቦሉ ሳንዲ ኮፋክስ በ1965 የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ የሆነው የወርልድ ሲሪስ መክፈቻ ጨዋታ ዮም ኪፑር (የአይሁድ የስርየት ቀን) ላይ ስለዋለ አልጫወትም ብሎ ቀርቷል። በሌሎች ቅዳሜዎች ግን ይጫወት ነበር። ይሄ የየሰው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከውጭ ሆነን የምንፈርድበት አይደለም።

«አይሁድና ስፖርት ምንና ምን ናቸው?»

ይሄኛው ያናድደኛል። ምክንያቱም የቢች ቮሊቦልን ታሪክ ከሥሩ ያነሳ ሰው ጂን ሴልዝኒክን ሳይጠራ አያልፍም። ሴልዝኒክ በ1930 ሎስ አንጀለስ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የካሊፎርኒያ አሸዋ ላይ ንጉሥ ነበር። ያኔ ሽልማት ገንዘብ የለም፣ ስፖንሰር የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሰው የሚጫወተው ለክብሩና ለፍቅሩ ነው።

በአዳራሹ ቮሊቦልም የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አምበል ነበር። ቡድኑ በ1955 እና በ1959 የፓን አሜሪካን ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደ። በ1956 ደግሞ ፓሪስ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ከዓለም ምርጦች አንዱ ተብሎ ተመረጠ። ለአንድ አሜሪካዊ ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ 1964 መጣ። ቮሊቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ፣ ቶኪዮ ላይ። ሴልዝኒክ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው። ግን አልተመረጠም። 34 ዓመቱ ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

እሱ ግን ከአሸዋው አልራቀም። የቅርጫት ኳሱን ግዙፍ ዊልት ቻምበርሌይንን ቮሊቦል ያስተማረው እሱ ነው። በኋላም ትልልቅ ተጫዋቾችን አሠለጠነ። በ1988 የዓለም አቀፉ የቮሊቦል ዝነኞች መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። በ2012 በ82 ዓመቱ አረፈ።

«ባህር የሌለው፣ ብርዳም አገር ቢች ቮሊቦል አይሆንለትም»

እሺ፣ ብራዚልና ካሊፎርኒያ የዚህ ስፖርት እናቶች ናቸው። ግን የኦሊምፒክ ሜዳሊያውን ዝርዝር ተመልከቱ። በ2020ው ቶኪዮ በወንዶች ወርቁን የወሰደችው ኖርዌይ ናት። በፓሪስ ስዊድን። በለንደን ጀርመን። ባህር የሚባል የሌላት ስዊዘርላንድ እንኳ ከአንዴም ሦስቴ ነሐስ አግኝታለች።

ካናዳም እንግዳ አይደለችም። ስፖርቱ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። በዚያው የመጀመሪያ ዓመት ጆን ቻይልድና ማርክ ሂስ ለካናዳ ነሐስ አመጡ። በፓሪስ ደግሞ ሜሊሳ ሁማና ፓሬዴስና ብራንዲ ዊልከርሰን ብር።

ቶሮንቶ ያላችሁ አንባቢዎች አሽብሪጅስ ቤይን ታውቁታላችሁ። በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር በበጋ መረቡ ተደርድሮ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ይታያል። ክረምት ሲገባ አሸዋው ወደ ቤት ይገባል። ዳውንስቪው ፓርክ ውስጥ ብሔራዊ ቡድኑ በአዳራሽ አሸዋ ላይ ይሠለጥናል። ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ውስጥ ሰው በባዶ እግሩ ይዘላል።

«ያው ቮሊቦል ነው፣ አሸዋ ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ»

ይሄን የሚል ሰው አሸዋ ላይ አንድ ጊዜ ዘሎ ይሞክረው። ሜዳው ላይ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ አለ። ስትዘል መሬቱ አይገፋህም፣ ይውጥሃል። መረቡ ግን ለአንተ ብሎ ዝቅ አላለም፤ እንደ አዳራሹ ሁሉ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ነው።

አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰው 9 በ9 የሆነ የሜዳ ግማሽ ይጠብቃል። እዚህ ሁለት ሰው 8 በ8 ይጠብቃል። ቅያሪ የለም። ቢያምህ፣ ቢደክምህ፣ ጨዋታው ከእጅህ ቢወጣ የሚገባልህ ሰው የለም። ተጋጣሚ ከሁለታችሁ የደከመውን ይመርጥና ሰርቩን (ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት) ሁሉ እሱ ላይ ይጭንበታል። አንድ ሰው ሙሉ ጨዋታ ሲቀበልና ሲመታ የሚውልበት ቀን አለ። ፀሐዩና ነፋሱ አንዱን ወገን ብቻ እንዳይጎዳ በየሰባት ነጥቡ ሜዳ ይቀያየራሉ። ብሎክ ስታደርግ (የተጋጣሚን ምት መረቡ ላይ ዘለህ በእጅህ ስትዘጋ) ኳሷ ከነካችህ ከሦስቱ ንክኪ አንዷ ሄደች። በጣት ጫፍ ቀለል አድርጎ መረብ ማሳለፍም ክልክል ነው።

በሚቀጥለው ስታዩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰርቭ ከመመታቱ በፊት መረቡ ሥር የቆመው ልጅ ሁለት እጁን ወደ ጀርባው ይወስዳል። ግራ እጁ ስለ ግራው ተጋጣሚ፣ ቀኝ እጁ ስለ ቀኙ ይናገራል። አንድ ጣት ከሆነ «መስመሩን (በሜዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚመጣውን ምት) እኔ እዘጋለሁ» ነው። ሁለት ጣት «ሰያፉን እዘጋለሁ»። የተጨበጠ እጅ «ብሎክ አልወጣም»። ኋላ ያለው አጣማሪው ያንን አይቶ የት እንደሚሮጥ ይወስናል። ሁለት ሰዎች ያለ ቃል እንዲህ የሚግባቡት ለወራት አብረው በልተው፣ አብረው ተሸንፈው ነው። አጣማሪ መቀየር ማለት ይሄን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ነው።

«ኦሊምፒክ የደረሰ ሰው ሀብታም ነው»

እዚህ ላይ የጓደኛዬ «ሥራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሥራ ነው። ደመወዝ ግን የለውም። የሽልማቱ ገንዘብ ለሁለት ይካፈላል፤ ካሸነፍክ ማለት ነው። የካናዳ መንግሥት ለብሔራዊ ቡድን አትሌቶች የሚሰጠው ወርሃዊ ድጋፍ ለዓመታት 1,765 የካናዳ ዶላር ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይሄ ለምን እንደማይበቃ ያውቃል። አንድ መኝታ ቤት እንኳ አይከፍልም። ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ያለ ጥንድ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሄዶ በማጣሪያው የመጀመሪያ ቀን ሊሰናበት ይችላል። ቲኬቱ ያው ነው።

ኦሊምፒክ መግባትም ቀላል አይደለም። ከመላው ዓለም 24 ጥንድ ብቻ ነው የሚገባው፤ ከአንድ አገር ቢበዛ ሁለት። ሻክተር በ26 ዓመቱ ሪዮ ኮፓካባና ላይ ነበር። ምድባቸው ውስጥ የገጠሟቸው ብራዚሎቹ አሊሰንና ብሩኖ፣ በኋላ ወርቁን የወሰዱት ናቸው። ከሪዮ በኋላ ቢንስቶክ በ35 ዓመቱ ሁለት ኦሊምፒክ ጨርሶ ነበር፤ የመጀመሪያው ለንደን ላይ ከማርቲን ሪደር ጋር ነው። ሻክተር ከሳም ፔድሎ ጋር እንደ አዲስ ጀመረ። ቶኪዮ መጣ፣ ካናዳ በወንዶች አንድም ጥንድ አላስገባችም። ከዚያ ሌላ አጣማሪ፣ ዳን ዲሪንግ። እንደገና ጣት ማንበብ፣ እንደገና ማጣሪያ፣ እንደገና አውሮፕላን።

ከሪዮ እስከ ፓሪስ ስምንት ዓመት ነው። ካሜራ ያየው የሁለቱን ጫፍ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ለእኔ የዚህ ልጅ ሙያ ያለው መሃሉ ላይ ነው።

ኤፍል ታወር ሥር ሲገባ ብቸኛው የካናዳ የወንዶች ጥንድ እሱና ዲሪንግ ነበሩ። ሻክተር 34 ዓመቱ ነበር። ሴልዝኒክ ከቶኪዮ ሲቀር የነበረው ዕድሜ፣ ሴልዝኒክ ከዓለም ምርጦች አንዱ በተባለበት ከተማ።