«ሪሰርች ኢንተረስት» ምንድን ነው?

የአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ገጽ ከፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከፎቶው አጠገብ አንዲት አጭር መስመር አለች። «ሪሰርች ኢንተረስት፦ ኮምፓይለር፣ ፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ» ትላለች። በአማርኛ «የምርምር ፍላጎት» እንላታለን። ግን «ፍላጎት» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል፤ ሰውየው በትርፍ ሰዓቱ የሚነካካው ነገር ያስመስለዋል።

የሚያስተምረው ኮርስም ማለት አይደለም። ዳታቤዝ የሚያስተምረው ዲፓርትመንቱ መምህር ስላጠረው ብቻ ሊሆን ይችላል። የምርምር ፍላጎት የሚባለው ገና መልስ ያልተገኘለት፣ እሱ ግን ዓመታቱን ሊሰጠው የወሰነ ጥያቄ ነው። «ኮምፓይለር» (ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ብሎ ሲጽፍ ሰፈሩን ነው የነገራችሁ። ቤቱ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ «ኮምፓይለሩ ኮዱን ሲተረጉም ትርጉሙን እንዳላዛባ በሒሳብ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከዶክትሬቱ ነው። ግን እዚያው ተተክሎ አይቀርም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷን ባርባራ ሊስኮቭን እዩ። በ1968 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ ዶክትሬቷን ስታገኝ የሠራችው የቼዝ ጨዋታን የመጨረሻ ክፍል የሚጫወት ፕሮግራም ነበር፤ አማካሪዋም ጆን ማካርቲ፣ ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሥራቾች አንዱ። ከዚያ ቼዙን ተወችውና ወደ ሲስተም ሥራ ዞረች። በ1972 ኤምአይቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው) ገባች፣ ከተማሪዎቿ ጋር ክሉ የሚባለውን ቋንቋ ሠራች። የሚያስጨንቃት ጥያቄ ትልልቅ ፕሮግራሞች አንዱ ክፍል ሲነካ ሌላው እንዳይፈርስ እንዴት ይከፋፈሉ የሚል ነበር። ኋላ ላይ ደግሞ ከብዙ ማሽኖች ጥቂቶቹ ቢበላሹ፣ ይባስ ብሎም ቢዋሹ፣ የቀሩት እንዴት ይስማማሉ ወደሚለው ሄደች፤ በ1999 ከተማሪዋ ከሚጌል ካስትሮ ጋር ያወጡት ሥራ ዛሬም ብሎክቼይን (እንደ ቢትኮይን ያለው ገንዘብ የሚመዘገብበት፣ በብዙ ማሽኖች የሚያዝ መዝገብ) የሚያጠኑ ሰዎች ይመለሱበታል። በ2008 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ ቱሪንግን፣ አገኘች። መስመሯን በየአሥር ዓመቱ ብታነቡት የሦስት ሰው ይመስላችሁ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ክር ይታየኛል፦ ነገሮች ሲበዙ እንዴት ሳይወሳሰቡ ይያዙ።

ግትር የሚሉትም አሉ። ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን ኒውራል ኔትወርክን (የአንጎልን አሠራር መነሻ አድርጎ ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም) ብዙ ሰው ፊቱን ባዞረበት ዘመን ሁሉ አልለቀቀውም። በ2012 ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር በምስል መለየት ውድድር ሁሉንም ጥለው ሲሄዱ ነው ሰፈሩ የተቀየረው። ሂንተን በ2018 ቱሪንግ፣ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል።

ማዕረጉም ቢሆን በዚህ ላይ እጁን ያስገባል። ረዳት ፕሮፌሰር ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው፣ ቋሚነት (በቀላሉ የማይነጠቅ የሥራ ቦታ) እስኪያገኝ ድረስ ቶሎ ቶሎ የሚታተም ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ጠበብ ይላል። ሙሉ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ግን አሥር ዓመት የሚፈጅ ነገር ቢነካ ማንም አይቆጣውም።

አማካሪ የምትፈልጉ ከሆነ ያቺን መስመር ብዙ አትመኑ። ሳትታደስ ዓመታት የምትቆይ ናት። ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ጽሑፎቹን ክፈቱ። በኮምፒውተር ሳይንስ ዋናው ሥራ ከመጽሔት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ኮንፈረንስ ላይ ነው የሚወጣው፣ እዚያ ፈልጉ። የደራሲዎቹንም ቅደም ተከተል እዩ፤ በብዙ ዘርፎች ተማሪው መጀመሪያ፣ ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ይጻፋል (ቲዎሪ ላይ ግን በፊደል ተራ ነው፣ እንዳትሸወዱ)። ተማሪዎቹ አሁን የሚሠሩት ነገር እውነተኛው የምርምር ፍላጎቱ እሱ ነው።

ኢሜይል ስትጽፉም «ኤአይ በጣም እወዳለሁ» አትበሉ። እሱን የሚል ሰው ሞልቷል። «ባለፈው ጽሑፋችሁ ሙከራው ለምን በትንሽ ዳታ ብቻ ተሠራ? ቢበዛስ ውጤቱ ይቆማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ ባይመጣ እንኳን ቢያንስ ይነበባል።