የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትና የሕፃናት ማቆያ በኢትዮጵያ

ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚያገኙትን ትምህርትና እንክብካቤ በመንግሥት ወጪ ለማዳረስ የተጀመረው ሥራ የዛሬ ቅርጹን የያዘው ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ሕፃናትን ፊደል ያስቆጠሩት የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርአን ቤት ናቸው፤ በየኔታ እግር ሥር ከሀሁ ተነሥቶ አቡጊዳን ያለፈ፣ መልእክተ ዮሐንስን ጨርሶ ዳዊት የደገመ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ንባብ አይቸግረውም ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በድሬዳዋ ለባቡር ድርጅት ፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች እንደተከፈተ ይነገራል። በደርግ ዘመን ደግሞ ቀበሌዎች የራሳቸውን መዋዕለ ሕፃናት ያስተዳድሩ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሕፃናትን ሁለንተናዊ ዕድገት በዓላማነት ቢጠቅስም፣ የመንግሥት በጀት በዋናነት ወደ አንደኛ ደረጃ በመሄዱ መዋዕለ ሕፃናቱ (ኬጂው) ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ተተወ። በዚህም የኬጂ ሦስቱ ደረጃዎች፣ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ፣ የከተማና የከፋይ ወላጅ ልጆች ዕድል ሆነው ቆዩ።

ለውጡ የመጣው ትምህርት፣ ጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍን በጋራ ባወጡ ጊዜ ነው። ማዕቀፉ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ እነርሱም የወላጆች ትምህርት፣ ከፅንስ ጀምሮ ያለ የጤና ክትትልና የአእምሮ ዕድገት ማነቃቂያ፣ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሁም መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ዝግጁነት ናቸው። ከሁሉ የሰፋው የመጨረሻው ነው። በ«ልጅ ለልጅ» መርሐ ግብር የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት ሰብስበው በጨዋታ ቁጥርና ፊደል ያስለምዱ ነበር፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተሞከረው የተፋጠነ ዝግጁነት ደግሞ ሥልጠናውን በጥቂት የክረምት ሳምንታት ያጠናቅቅ ነበር። ሆኖም ቁጥሩን የለወጠው ኦ-ክላስ፣ በብዙዎች አጠራር ዜሮ ክፍል፣ ነው። አዲስ ሕንፃ ሳይጠበቅ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተለቆ፣ ለስድስት ዓመት ልጆች ከአንደኛ ክፍል በፊት የአንድ ዓመት ትምህርት ተጀመረ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ከ10 በመቶ በታች የነበረው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ (የተመዘገቡት ልጆች ቁጥር ለደረጃው ዕድሜያቸው ከደረሰ ልጆች ቁጥር አንጻር ሲሰላ) በአሥር ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ መድረሱ ቀላል ስኬት አይደለም። የጥራቱ ነገር በእርግጥ ያከራክራል። ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ ዴስክ ላይ እግሩ መሬት ሳይነካ የተቀመጠ፣ መምህሩ ከካርቶን የቆረጡለትን ፊደል የሚያነሣና ቆርኪ ደርድሮ የሚቆጥር ሕፃን የሚታይባቸው ክፍሎች ብዙ ነበሩ፤ መምህራኑም ሁሉ በሙያው የሠለጠኑ አልነበሩም። ያም ቢሆን መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር ደርሶበት ለማያውቅ ገጠር ይህ ክፍል የመጀመሪያው በር ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እርከኑን 2-6-2-4 (ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ ስድስት አንደኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ) ሲያደርግ፣ የሁለት ዓመቱን ቅድመ አንደኛ ደረጃ ነፃና አስገዳጅ አድርጎታል። የመማሪያ ቋንቋው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚኩራሩት የግል ኬጂዎች ይህን ምን ያህል ይከተላሉ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ ሥራው ከክፍል ወጥቶ ወደ ሰፈር ወርዷል። ከተማ አስተዳደሩ በቀዳማይ ልጅነት ልማት መርሐ ግብሩ የወላጆችን የቤት ለቤት ምክር፣ የሕፃናት ማቆያዎችንና የመጫወቻ ቦታዎችን አንድ ላይ ይዟል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባም ለታናናሾቹ ተማሪዎች ደርሷል። ምሳ መቋጠር ለቀረላት እናት ይህ ከክፍያ ነፃ የመሆንን ያህል ነው።

ለጨቅላዎቹ የሚውለው ማቆያ በአንጻሩ ከእናት የሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ስፍራ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ በዚህም ጠዋት ልጇን ለሞግዚት ሰጥታ፣ በሻይ ሰዓት ወርዳ አጥብታ የምትመለስ ሠራተኛ ማየት በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወሊድ ፈቃዱን ወደ 120 ቀን ያሳደገ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከወሊድ በኋላ የሚውለው 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ነፃው ክፍል እስኪከፈትለት ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ ልጅ በአብዛኛው የሚያድገው በአያት፣ በቤት ሠራተኛ ወይም በጎረቤት እጅ ነው።